ገጸ በረከቱ ለማን ነበር? ስለ ሎዌል የሴት ሠራተኞች መጽሔት

ሥነ ጽሑፍ የኅብረተሰብ መስታወት ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም አንድ ዐቢይ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፤ ይኸውም መስታወቱን የያዘው እጅ የማን ነው? ወዴትስ አዙሮ ይዞታል? የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በተጨባጭ ለመመርመር ከሚረዱ ቅርሶች አንዱ፣ በሰሜን አሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በሎዌል ከተማ ከ1840 እስከ 1845 ይታተም የነበረው «ዘ ሎዌል ኦፈሪንግ» ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስሙን በአማርኛ «የሎዌል ገጸ በረከት» ልንለው እንችላለን። የመጽሔቱ ጸሐፊዎች በጥጥ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ።

መጽሔቱ የወጣበት ዘመን በአሜሪካ ታሪክ የማኅበራዊ ተሐድሶ ዘመን በመባል ይታወቃል። መጠጥን የሚያወግዙ ማኅበራት፣ የሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ የሚጥሩ መምህራን፣ ባርነት እንዲወገድ የሚታገሉ ሰዎች በየከተማው ተነሥተው ነበር። ይሁንና «ተሐድሶ» በሚለው አንድ ቃል ሥር ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች ይኖሩ እንደነበር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው ሰውየው ራሱን ያሻሽል ይላል፤ ሁለተኛው ሰውየው የሚኖርበት ሁኔታ ይሻሻል ይላል። የሎዌል መጽሔት ታሪክ የእነዚህ የሁለቱ ሐሳቦች የግጭት ታሪክ ነው።

ሎዌል የተቆረቆረችው የሜሪማክን ወንዝ ፏፏቴ ጉልበት ተከትላ ነው። የመጀመሪያው ታላቅ የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያ በ1823 ማምረት ጀመረ። ባለ አክሲዮኖቹ የቦስተን ከበርቴዎች ከኒው ኢንግላንድ ገጠሮች ያላገቡ የገበሬ ልጆችን አሰባስበው፣ ኩባንያው ባሠራቸው አዳሪ ቤቶች አኖሯቸው። በሩ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ግዴታ ነው። ሥራ በደወል ይጀመራል፣ በደወል ይቆማል፤ በሳምንት በአማካይ 73 ሰዓት ያህል ይሠራ ነበር። የሚፈተለው ጥጥ በደቡብ ግዛቶች በባርነት ቀንበር ሥር የነበሩ ጥቁሮች የለቀሙት እንደነበረም መዘንጋት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ በተረፈችው የምሽት ሰዓት ሴቶቹ ያነብቡ፣ ይማሩ፣ ይጽፉ ነበር። በልጅነቷ ፋብሪካ ገብታ ኋላ ገጣሚ የሆነችው ሉሲ ላርኮም፣ ወደ ሥራ ክፍል መጽሐፍ ይዞ መግባት የተከለከለ በመሆኑ፣ ከጋዜጣ የቆረጠቻቸውን ግጥሞች በመስኮቷ ጥግ ትለጥፍ እንደነበር በ1889 ባሳተመችው የልጅነት ትዝታዋ ገልጻለች። መጽሔቱም የተወለደው ከእንደዚህ ያለ የዕውቀት ጥማት፣ ራስን የማሻሻያ ክበቦች ይባሉ ከነበሩ ስብሰባዎች ነው። በመጀመሪያ ያዘጋጀው አቤል ቶማስ የተባለ ሰባኪ ሲሆን፣ ከ1842 ጀምሮ አዘጋጅነቱ የፋብሪካ ሠራተኞች በነበሩት በሃሪየት ፋርሊና በሃሪዮት ከርቲስ እጅ ገባ።

ጽሑፎቹ ከቅርፅ አንጻር ሲመዘኑ አብዛኞቹ የጊዜውን የጨዋ ቤት ሴቶች መጽሔቶች ፈለግ የተከተሉ ናቸው። የትውልድ ቀዬ ናፍቆት፣ የሞትና የመለየት ሐዘን፣ የሥነ ምግባር ምክር ይበዛባቸዋል። ጸሐፊዎቹም ብዙውን ጊዜ በብዕር ስም ወይም በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ይፈርሙ ነበር። የራሳቸውን ሕይወት ሲነኩ ግን ብዕራቸው ይጠነክራል። ለምሳሌ ያህል በ1841 የወጣውን «የቅሬታ መንፈስ» የተሰኘ ጭውውት እንመልከት። ኤለን የተባለች ሠራተኛ ገና ሳይነጋ የሚቀሰቅሳት ደወል አንገፍግፏት፣ ሥራዋን ልትለቅ ትነሣለች። ጓደኛዋ የከተማውን ትምህርትና የደመወዙን ጥቅም ትዘረዝርላታለች፤ ኤለንም አሳቧን ትለውጣለች። በድርሰቱ መጨረሻ ጓደኛዋ ትረታለች፤ አንባቢው ልብ ውስጥ የሚቀረው ግን የኤለን ምሬት ነው። ደራሲዋ ምሬቱን በሚገባ ታውቀዋለችና፤ መልሱ ግን ከሌላ ሰው አፍ የተወሰደ ይመስላል።

በ1844 ፋርሊ ራሷ የጻፈቻቸው «የሱዛን ደብዳቤዎች»ም እንዲሁ ናቸው። አዲስ ገቢዋ ሱዛን ሥራው እንደማይከብድ ለጓደኛዋ ትጽፋለች፤ ሆኖም ማታ ከሥራ ስትወጣ የመኪናዎቹ ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣ እንዳለ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል የሠራተኞችን እግር ስለሚያሰፋ ጫማ በቁጥር ከፍ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ትነግራታለች። ደብዳቤው ሰላም ነው ይላል፤ ጆሮና እግር ግን ሌላ ይመሰክራሉ። በእኛ አስተያየት የመጽሔቱ ከፍተኛ የሥነ ጽሑፍ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ምሬቱ ለምን በግልጽ አልተጻፈም? የሎዌል ሴቶች ትግል የማያውቁ አልነበሩም። በ1834 ደመወዝ ሲቀነስ 800 ያህሉ ሥራ አቁመው ወጥተዋል፤ በ1836 የአዳሪ ቤት ክፍያ ሲጨመር ከዚያ የበለጡት አድመዋል። መጽሔቱ ግን የደመወዝና የክፍያ ጉዳይ እርሱን እንደማይመለከተው በርእሰ አንቀጹ አስታወቀ። ለዚህ አቋም መነሻ የሆነውን ስሜት መረዳት ይቻላል። በ1840 ኦሬስቴስ ብራውንሰን የተባለ ጸሐፊ የደመወዝን ሥርዓት ሲያወግዝ፣ አንዲት ልጃገረድ በፋብሪካ መሥራቷ ብቻ ስሟን ለማጉደፍ በቂ ነው የሚል ቃል ጣል አድርጎ ነበር። መጽሔቱ ይህን ስድብ በብርቱ መለሰ። የሠራተኛዋ አእምሮ ከማንም እንደማያንስ ማረጋገጥ የፋርሊ የዕድሜ ልክ ዓላማ ሆነ። ዓላማው የተከበረ ነው። ጉድለቱ፣ የሠራተኛዋን ክብር ሲከላከል የሥራዋን ሁኔታም አብሮ መከላከል መጀመሩ ነበር።

በ1842 ሎዌልን የጎበኘው እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በአዳሪ ቤቶቹ ፒያኖ፣ በቤተ መጻሕፍቱና በመጽሔቱ ተደንቆ ጻፈ። በ1844 የጽሑፎቹ ምርጫ ለንደን ላይ ታተመ። እንግዳ ሲደነቅ ባለ ፋብሪካው ይጠቀማል፤ መጽሔቱም ሳያስበው የኩባንያዎቹ መልካም ምስክር ሆነ።

ይህን በግልጽ የተናገረችው ሳራ ባግሊ ናት። የእርሷ ነገር ይበልጥ የሚያስገርመው፣ በ1840 «የፋብሪካ ሕይወት ደስታዎች» የሚል ጽሑፍ በዚያው መጽሔት ያወጣች መሆኗ ነው። እጅ ሲሠራ አሳብ ነፃ እንደሆነ፣ በሥራ ክፍሎቹ አበባ እንደሚተከል ጽፋ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ግን ኑሮው አቋሟን ለወጠው። በታኅሣሥ 1844 ከጓደኞቿ ጋር የሎዌልን የሴቶች የሥራ ተሐድሶ ማኅበር አቋቋመች። የሥራው ቀን ወደ አሥር ሰዓት እንዲቀነስ የሚጠይቅ፣ በብዙ ፊርማ የተደገፈ አቤቱታ ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት ቀረበ፤ በ1845 መጀመሪያም በኮሚቴው ፊት ቀርባ መሰከረች። የኮሚቴው ሰብሳቢ ዊልያም ሹለር ቀደም ሲል የመጽሔቱ ባለቤት የነበረ የጋዜጣ አሳታሚ ነው። ኮሚቴው ጉድለት መኖሩን ሳይክድ፣ መፍትሔው የሕግ አውጪው ሥራ አይደለም ሲል ወሰነ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 4 ቀን ባግሊ በዎበርን ከተማ በተደረገ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ፣ መጽሔቱ ፋብሪካውን የሚነቅፉ ጽሑፎቿን እንዳልተቀበለና የኩባንያዎቹ ልሳን እንደሆነ ተናገረች። ፋርሊ ክሱን በጋዜጣ አስተባበለች፤ ክርክሩም ጦፈ። በዓመቱ መጨረሻ መጽሔቱ ቆመ። «የኢንዱስትሪ ድምፅ» የተባለው የሠራተኞች ጋዜጣ ወደ ሎዌል መጥቶ፣ የቀድሞው መጽሔት የዘለለውን ሁሉ ይጽፍ ጀመር።

በመካከላቸው ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። ባግሊ ስለ መጽሔቱ አቋም የተናገረችው በመሠረቱ ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ በመጽሔቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ውሸት ነው ማለት ራሷን ባግሊን የጨመረ ስሕተት ይሆናል፤ ብዕር መያዝን፣ በሕዝብ ፊት አሳብ ማቅረብን ከተማሩባቸው መድረኮች አንዱ ያው መጽሔት ነበርና። ራስን ማሻሻል ኑሮን ለማሻሻል ስንቅ ሆነ። ችግሩ የመጣው ስንቁ የጉዞው መጨረሻ ነው በተባለ ጊዜ ነው።

የማሳቹሴትስ ግዛት የሴቶችን የሥራ ቀን በአሥር ሰዓት የሚወስን ሕግ ያወጣው በ1874 ነው። የ1845ቱን አቤቱታ ከፈረሙት መካከል ያን ቀን ፋብሪካ ውስጥ ሆነው ለማየት የበቁ ጥቂት ቢሆኑ ነው።

ከዚህ ታሪክ መጽሔት ለሚያዘጋጅ፣ ለሚያስተምርና ለሚያነብ ሁሉ የሚተርፍ ትምህርት አለ። አንድ መጽሔት የሠራተኛው ነው ለማለት ጸሐፊዎቹ ሠራተኞች መሆናቸው ብቻ አይበቃም፤ በአዘጋጁ መሳቢያ ውስጥ ታትሞ ሳይወጣ የቀረው ጽሑፍ ምን እንደሚልም መጠየቅ ያስፈልጋል። የሎዌል ሴቶች ገጸ በረከታቸውን ያቀረቡት በቅን ልቡና ነው። ለማን እንደ ደረሰ ግን ከመካከላቸው ቀድማ የጠየቀችው የመጽሔቱ ጸሐፊ የነበረችው ሴት ናት።