ለሮታሪ ሞተር አዳሾች

አውሮፕላናቸውን በገዛ እጃቸው ከሚሠሩ ሰዎች መካከል የማዝዳ አርኤክስ-7 መኪናን ሞተር አድሰው የሚበሩትን አብልጬ አደንቃለሁ። 13ቢ የሚባለው ይህ ሮታሪ ሞተር ቫልቭ የለውም፤ ቢየላም ሆነ ካምሻፍት የለውም። ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ባመነጨው ሐሳብ መሠረት ሦስት ማዕዘን ያላቸው ሁለት ሮተሮች በቤታቸው ውስጥ ይዞራሉ። የሚሰበር ነገር ጥቂት መሆኑ ለአብራሪ ትልቅ ጸጋ ነው።

እድሳቱ ግን ቀላል አይደለም። ረጃጅሞቹ ቡሎኖች ሲፈቱ ሞተሩ እንደ መሶብ እንጀራ ንብርብር በንብርብር ይነሣል። ጥላሸቱ ይጠረጋል፤ የቤቱ የክሮም ገጽ ጭረት እንዳይኖረው በብርሃን ይፈተሻል፣ በጣት ይዳሰሳል። በየሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ የሚቀመጡት ቀጫጭን ማሸጊያዎች አንድ በአንድ ይለካሉ። የሚነደውን ጋዝ አፍነው የሚይዙት እነሱ ናቸውና የሞተሩ ጉልበት በእነሱ ላይ ያርፋል። ሲገጣጠም ደቃቆቹ ሞላዎችና የማዕዘን ማሸጊያዎች ከቦታቸው እንዳይወድቁ ቫዝሊን ይቀባሉ። ይህን ትዕግሥት እወደዋለሁ፤ ሞተሩ ከተዘጋ በኋላ ማንም የማያየው ጥንቃቄ ነው።

ጉልበቱን የሚሰጠው በፈጣን ዙር ስለሆነ ፕሮፔለሩ የሚነዳው ዙሩን በሚቀንሱ ጥርሶች በኩል ነው። ሙቀቱም ብዙ ነውና ለራዲያተሩና ለዘይት ማቀዝቀዣው አየር በደንብ መድረስ አለበት።

ማዝዳ በሮታሪ ሞተር የሚሄደውን ሌላ መኪናውን፣ አርኤክስ-8ን፣ ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አዳሾቹ ባይኖሩ ብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ቁርጥራጭ ብረት ሆነው ይቀሩ ነበር፤ የትኛው ማሸጊያ እንደሚጣል፣ የትኛው ገና እንደሚያገለግል በዳሰሳ የሚለየው የእጅ ዕውቀትም አብሯቸው ይጠፋ ነበር።