የማትረባ የምትመስለው ቢት

ለኮምፓይለር ከሚቀርቡ ፓቾች ገምጋሚን ቶሎ የሚያስማማው መስመር ቀንሶ ኮዱን የሚያፈጥነው ነው። ሙሉ ቁጥርን ወደ ተንሳፋፊ ነጥብ በሚለውጠው ክፍል ላይ ግን እንዲህ ያለው ፓች ፈተናውን ሁሉ አልፎ ቢመጣም መጠርጠር አለበት ባይ ነኝ። የኤክስ86-64 ፕሮሰሰር መደበኛ የመለወጫ ትእዛዝ ከ64ቱ ቢቶች የላይኛዋን እንደ መቀነስ ምልክት ያነባታል። ስለዚህ ምልክት የለሹ ቁጥር 2⁶³ ሲደርስ ወይም ሲያልፍ ኮምፓይለሩ በዘዴ ይሄዳል፤ ቁጥሩን አንድ ቢት ወደ ቀኝ ገፍቶ ያጋምሰዋል፣ ተገፍታ የወደቀችውን ቢት በ«ኦር» ከታችኛዋ ቢት ጋር ያጣምራታል፣ ይለውጠዋል፣ ከዚያ ውጤቱን በራሱ ላይ ይደምራል። የታችኞቹ ቢቶች በለውጡ መውደቃቸው ካልቀረ አንዷን ማንሳት ምን ይረባል ብሎ «ኦር»ን የሚሰርዝ ፓች ሲያዩት ልክ ይመስላል።

ልክ የማይሆንበትን ምክንያት ትንሽ ምሳሌ ያሳያል፤ 251ን ወደ ቅርቡ መቶ ብናጠጋጋ 300 ነው። አስቀድመን 1ዷን ጥለን 250 ካልነው ግን ከ200ም ከ300ም እኩል ይርቃል፤ ደንቡ ደግሞ እኩል ሲርቅ ወደ ተጋማሹ አሃዝ ስለሚል 200 ላይ ያርፋል። 9223372036854776833 ደብል ወደሚባለው የተንሳፋፊ ነጥብ ዓይነት ሲለወጥም እንዲሁ ነው፤ 9223372036854777856 መሆን ሲገባው ያለ «ኦር» 9223372036854775808 ይወጣል። ቁጥሩ ከመሃሉ ማለፉን የምትመሰክረው ያቺው የወደቀች ቢት ብቻ ነበረች።

«ተፈትኖ አልፏል» የሚለው መከራከሪያስ? ደብል 53 ቢት ስለሚይዝ ስህተቱ የሚታየው 12ቱ የታችኞቹ ቢቶች አንድ የተወሰነ ቅርጽ ሲይዙ ነው፤ ከ4096 ትልልቅ ቁጥሮች በአንዱ ማለት ነው። ይህን የዘፈቀደ ፈተናም ይይዘዋል። ፍሎት የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን 24 ቢት ብቻ ስለሚይዝ 41 ቢቶች መገጣጠም አለባቸው፤ ከ2.2 ትሪሊዮን ገደማ አንድ። መቶ ሚሊዮን ቁጥር ቢሞከር እንኳ ስህተቱ የመገኘት ዕድሉ ከ20 ሺህ አንድ አይሞላም። እንግዲህ ገምጋሚው ቁጥሩን በእጁ ሠርቶ መጠየቅ አለበት፦ 2⁶³ + 2³⁹ + 1 ምን ይሰጣል?

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከሲ ቋንቋ ደረጃ ይመጣል። ደረጃው ከላይም ከታችም ካሉት ቅርብ ጎረቤቶች አንዱን መምረጥ ይፈቅዳል፤ የተሳሳተው መልስም ጎረቤት ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ኮምፓይለሩ ቋሚ ቁጥር ሲያገኝ ለውጡን ራሱ በትክክል አስልቶ ያስገባዋል። ያው ቁጥር ፕሮግራሙ ሲሮጥ ከተለወጠ ሌላ መልስ ይወጣል። የኮምፓይለሩን ማፍጠኛ አንዴ አብርቶ አንዴ ያጠፋ ፕሮግራመር ሁለት ውጤት ያያል፤ ስህተቱንም ቀኑን ሙሉ የሚፈልገው የራሱ ኮድ ውስጥ ነው።

ኤቪኤክስ-512 ያላቸው ፕሮሰሰሮች ምልክት የለሽ ቁጥርን በአንድ ትእዛዝ ይለውጣሉ። ፓቹ በእነሱ ላይ ብቻ ያንን ቢጠቀም እሰየው፤ ለሌሎቹ ግን «ኦር» ባለችበት ትቆይ፣ አጠገቧም 2⁶³ + 2³⁹ + 1 ፈተና ሆኖ ይጻፍ።