የማስሎ ፒራሚድና የሲክሲካው መኪና

የሥነ ልቦናም ሆነ የማኔጅመንት ትምህርት የቀመሰ ሰው ሁሉ በአምስት እርከን የተከፈለችውን ፒራሚድ ያውቃታል። ከታች ምግብና ውኃ፣ ከፍ ሲል ደኅንነት፣ ቀጥሎ ፍቅርና ወዳጅነት፣ ከዚያ ክብር፣ ጫፏ ላይ ራስን እውን ማድረግ። ሥዕሏ ግን የአብርሃም ማስሎ አይደለችም። ንድፈ ሐሳቡ በ1943 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳይኮሎጂካል ሪቪው ላይ ሲወጣ ፒራሚድ የሚባል ነገር አልነበረበትም። በ2019 ሦስት ተመራማሪዎች የሥዕሏን ዱካ ተከትለው ቢሄዱ ቻርልስ ማክደርሚድ የተባለ አማካሪ ሳይኮሎጂስት ዘንድ ደረሱ፤ ሰውየው በ1960 ገንዘብ ሠራተኛን እንዴት እንደሚያነሳሳ ለንግድ መጽሔት አንባቢዎች ሲያስረዳ የሳላት ናት። ማስሎ ቅርጿን ከካናዳ ነባር ሕዝቦች ድንኳን ሰርቋል እያሉ የሚከሱትም በዚሁ መልስ ያገኛሉ፦ ያልሳለውን ሊሰርቅ አይችልም። ከእነዚያ ሕዝቦች ያየው ነገር ግን አለ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ሥዕሏ ያደረሰችው ጉዳት ቀላል አይደለም። የታችኛው እርከን ሳይሞላ ወደ ላይኛው የማይወጣበት ደረጃ አስመሰለችው። የ1943ቱን ጽሑፍ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ከዚህ ለየት ያለ ነው። ማስሎ ለማብራሪያ ያህል ብቻ ብሎ ከራሱ ባወጣቸው አኃዞች፣ አንድ ተራ ሰው ከሥጋዊ ፍላጎቱ 85 በመቶ፣ ከደኅንነቱ 70፣ ከፍቅር 50፣ ከክብር 40፣ ራስን እውን ከማድረግ 10 በመቶ ያህል ሊረካ እንደሚችል ይናገራል። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም በከፊል ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ የሚፋለስባቸውንም ሁኔታዎች ራሱ ይዘረዝራል፤ ለእምነቱ ሁሉን የሚተው ሰማዕት አለ፣ ሥራ አጥነት ስለተራዘመበት ከዕለት ጉርሱ ሌላ መመኘት ያቆመ ሰውም አለ። ስለዚህ ዋህባና ብሪድዌል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1976 ጥናቶችን ገምግመው ለተዋረዱ ግልጽ ድጋፍ አጣን ሲሉ፣ ከማስሎ ይልቅ ይበልጥ የተመታው ደረጃው ይመስለኛል።

ማስሎን ራሱን የሚያስጠይቀው ሌላ ቦታ ነው። የፍሮይድ ተከታዮች ሰውን በሕመምተኛ፣ ባህሪያውያን ደግሞ በአይጥና በእርግብ በኩል ሲያጠኑ፣ እሱ ጤነኛውን ሰው አጠናለሁ ብሎ ተነሣ። የዶክትሬት ሥራውን በዝንጀሮዎች ላይ ለሠራ ሰው ይህ ትልቅ መታጠፍ ነበር። ችግሩ ጤነኛው ማን እንደሆነ የሚወስነው ማስሎ ራሱ መሆኑ ነው። ነገሩ በሁለት መምህሮቹ፣ በሩት ቤኔዲክትና በማክስ ቨርትሃይመር አድናቆት ተጀመረ። በኋላ 3000 ያህል የኮሌጅ ተማሪዎችን አጣርቶ ወዲያው ለጥናቱ የሚሆን ያገኘው አንድ ብቻ ነው። ከዕድሜ ጠገቦቹ ደግሞ ዓላማውን ሲሰሙ አንዳንዶቹ ተሸማቀቁ፣ አንዳንዶቹ በሣቅ አሳለፉት፣ ግንኙነቱን ጨርሶ ያቋረጡም ነበሩ። ስለዚህ በዘወርዋራ መንገድ ሊያጠናቸው ተገደደ። ሊንከንን፣ አንስታይንን፣ ኤሊኖር ሩዝቬልትንም ጨመረባቸው። የሚያደንቃቸውን መርጦ ባህርያቸውን ዘረዘረ፤ ዝርዝሩም የሚደነቅ ሰው ምን እንደሚመስል ነገረን። ክቡ የተዘጋው እዚህ ላይ ነው። ለሐቁ ያህል፣ ሥራው የተለመደውን የጥናት መስፈርት እንደማያሟላ አልደበቀም፤ እንከን የለሽ ሰው እንደሌለም ጽፏል።

ከዘዴው ይልቅ የሚያስቆጨኝ ግን እጁ ላይ የነበረውን ማስረጃ የት እንዳስቀመጠው ነው። በ1938 ክረምት፣ በቤኔዲክት ጉትጎታ፣ ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ከሚኖሩት ነባር ሕዝቦች ወደ አንዱ፣ ወደ ሲክሲካ ሰዎች ዘንድ ሄዶ ነበር። ያየውን በደንብ የተረከው በ1964 ባወጣው አጭር ጽሑፍ ነው። በፀሐይ ጭፈራ በዓላቸው ባለጸጋው ዓመቱን ሙሉ ያከማቸውን ብርድ ልብስና ምግብ ከምሮ፣ ስለ ጀብዱው እየፎከረ፣ ለመበለቶች፣ ለወላጅ አልባ ልጆችና ለዓይነ ሥውራን ያከፋፍላል። ሲጨርስ የቀረው የለበሰው ልብስ ነው፤ ባለጸጋ የሚባለውም እሱ ነው። ሌላም አለ፦ መኪና የነበረው ሰው። የፈለገ ሁሉ መጥቶ ቁልፉን ይጠይቀዋል፣ እሱም ይሰጣል። ማስሎ እንደተረዳው፣ ለዚያ ሰው ባለመኪና መሆን ማለት ቤንዚን መግዛት፣ ጎማ ማስጠገን፣ መንዳት የማይችል ሰው መንገድ ላይ ሲቆምበት ሄዶ ማውጣት ነበር። ደግሞም የሚቀናበት የለም፤ ሰው ሁሉ ይኮራበት ነበር።

እዚህ ላይ ተዋረዱ ይደናገራል። የባለጸጋው ክብርና የመበለቷ እራት አንድ ድርጊት ናቸው፤ የአንዱ ከፍታ የሌላዋ መሠረት ነው። ቤኔዲክት ለግል የሚጠቅመውን ለማኅበረሰቡም እንዲጠቅም አድርጎ የሚያገናኝ ሥርዓትን ሲነርጂ ብላዋለች። ማስሎ ሐሳቡን ወደደው፣ አስተዋወቀውም፤ ግን በተነሳሽነት ንድፈ ሐሳቡ ውስጥ ፍላጎቶቹ በአንድ ሰው ቆዳ ውስጥ እንደተደረደሩ ቀሩ። ራሱን እውን ያደረገው ሰው ማንን አስርቦ ወይም ማንን አጥግቦ እዚያ እንደደረሰ የሚጠይቅ ምዕራፍ የለም።

ሌላው ሳይኮሎጂስት ካርል ሮጀርስ ከአንድ ሰው ቆዳ ለመውጣት ግማሽ መንገድ ሄዷል። ዕድገት ግንኙነት ይፈልጋል አለ፤ በ1957ም የአማካሪው እውነተኛነት፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበልና የሌላውን ስሜት መረዳት ለለውጥ አስፈላጊ ናቸው ብሎ ለፈተና የሚመች አድርጎ አስቀመጠው። በ1942 የአንድ ተገልጋይ ስምንት ቃለ ምልልሶችን በድምፅ ቀድቶ ቃል በቃል ያሳተመ ሰው ነውና ፈተና አይፈራም ነበር። በዊስኮንሲን ስኪዞፍሬንያ ባለባቸው ሕሙማን ላይ የመራው ጥናት ተስፋ እንዳደረገው ባይሆንም፣ በ1967 ታትሟል። ቢሆንም የሮጀርስ ግንኙነት ሁለት ወንበር ያለበት ክፍል ነው፤ ከበሩ ውጭ ያለው መንደር አይታይም።

መንደሩ በቁጥር የመጣው ዘግይቶ ነው። ሉዊስ ታይና ኤድ ዲነር በ2011 የ123 አገሮችን መረጃ ሲመረምሩ፣ ፍላጎቶች እርካታን የሚሰጡት በአብዛኛው እርስ በርስ ሳይጠባበቁ መሆኑን አገኙ። ከዚያ በላይ ግን፣ ሰው ስለ ሕይወቱ የሚሰጠው ግምት የራሱ ፍላጎት በመሟላቱ ብቻ አይወሰንም፤ በአገሩ ያሉ የሌሎች ሰዎች ፍላጎት መሟላትም ከፍ ያደርገዋል። የሌላው መጥገብ እንዴት የእኔ እንደሚሆን መጠይቅ ብቻውን አይነግረንም፤ የመኪናው ታሪክ ግን አንድ መንገድ ያሳያል። የ1964ቱ ጽሑፍ ከ1943ቱ ጎን ሆኖ ሊነበብ ይገባ የነበረውም ለዚህ ነው፤ መማሪያ መጻሕፍት የወረሱት ግን አንደኛውን ብቻ፣ እሱንም በማክደርሚድ እጅ ተስሎ።