ስንብት ወይስ ደጅ ጥናት?

በካልጋሪው ኢንተርናሽናል አቬኑ የቡና ወግ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መባቻ ብሪክስን መቀላቀሏ፣ እንደ 1977ቱ ሁሉ ከምዕራቡ ዓለም ፊቷን የማዞሯ ምልክት ተደርጎ ይተረጎማል። በዚህ ትርጓሜ አልስማማም። ያን ጊዜ ደርግ በአሥመራ የነበረውን የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ዘጋ፤ ወታደራዊ ልዑካቸውን አስወጣ፤ የኦጋዴንንም ጦርነት በሶቪየት መሣሪያና በኩባ ወታደሮች ድጋፍ ተዋጋ። የአሁኑ መንግሥት ግን ብሪክስ ከገባ ሰባት ወር ሳይሞላው ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የብድር ፕሮግራም ጸደቀለት፤ የብርም ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ይህ ደጅ ጥናት እንጂ ስንብት አይደለም። ያ ዘመን ያሰደደን እኛ ግን (ቁስሉ ስላልሻረ ይመስለኛል) ሞስኮና ቤጂንግ በተነሡ ቁጥር ደርግን እናያለን፤ ብሩ ሲረክስ የመምህሩ ደመወዝ ምን ያህል እህል እንደሚገዛ ግን አልጠየቅንም።