የራሞሴ መቃብር አልቃሾች፦ ስለ አንድ ሥዕልና ስለ አንድ ቃል

ስለ ጥንታዊት ግብፅ የቀብር ሥርዐት የተጻፉ የመማሪያና የመንገደኛ መምሪያ መጻሕፍትን የገለጠ ሰው፣ እጆቻቸውን ወደ ላይ ዘርግተው የሚያለቅሱ ሴቶች ሥዕል ሥር ሁልጊዜ አንድ ዐይነት መግለጫ ያገኛል፤ «በገንዘብ የተቀጠሩ አልቃሾች» ይላል። ይህች አጭር ሐተታችን የምትመረምረው ይህንኑ መግለጫ ነው። ቅጥር አልቃሽ በግብፅ ጨርሶ አልነበረም ለማለት አንደፍርም። ሥዕሉ ግን ያንን አይነግረንም፤ እንዲያውም ከዚያ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር ይነግረናል ብለን እናምናለን።

ከሉክሶር ማዶ፣ በናይል ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ሼክ ዓብድ ኤል ቁርና በተባለው ኮረብታ ከተፈለፈሉት የሹማምንት መቃብሮች መካከል 55ኛ ቁጥር የተሰጠው የራሞሴ መቃብር ነው። ራሞሴ በአሜንሆቴፕ ሣልሳዊ መጨረሻና በልጁ በአሜንሆቴፕ ራብዓዊ፣ ማለት ኋላ ስሙን ለውጦ አኬናተን በተባለው ንጉሥ፣ መጀመሪያ ዓመታት የመንግሥቱ ታላቅ ሹም ነበር። ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት የ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ነው። የመቃብሩ አብዛኛው ጌጥ በኖራ ድንጋይ ላይ እጅግ ረቂቅ ሆኖ የተቀረጸ ሲሆን፣ የደቡቡ ግድግዳ ግን በቀለም ተሥሏል። በዚያ ግድግዳ ላይ አልጋና ወንበር፣ ሣጥንና ጫማ የተሸከሙ ሰዎች ወደ መቃብሩ ይጓዛሉ። በሰልፉ መካከል ሴቶቹ ቆመዋል። ሰማያዊና ግራጫ የቀላቀለ ነጭ የተልባ እግር ልብስ ለብሰዋል፤ ጸጉራቸው ተለቋል፤ ክንዶቻቸው አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ተነሥተዋል። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ሲወርድ ይታያል። በመካከላቸውም አንዲት እርቃኗን የሆነች ትንሽ ልጅ እንደ ታላላቆቿ እጇን አንሥታለች። የግብፅ ሠዓሊ ብዙውን ጊዜ የሰውን ፊት ከስሜት አርቆ በጸጥታ የሚሥል ነው። እዚህ ግን ክንዱና እንባው ፊቱ የተወውን ሁሉ ይናገራሉ።

የ«ቅጥር» ሐሳብ የሚደገፍባቸው ማስረጃዎች በዋናው ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የሴቶቹ መመሳሰል ነው፤ ልብሳቸው አንድ፣ እንቅስቃሴያቸው አንድ ስለ ሆነ ሙያተኞች ናቸው ይባላል። ይህ ክርክር ደካማ ነው። በዚያው ግድግዳ ላይ ዕቃ የተሸከሙት ወንዶችም ይመሳሰላሉ። ደግሞስ ኀዘን በሥርዐት የሚገለጽበት አገር ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው በአንድ ዐይነት መንገድ አይደለምን? ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየደቃ የሚያለቅስ ለቀስተኛ ከጎረቤቱ ስለ ተመሳሰለ ተቀጥሯል የሚል ከእኛ መካከል ማን ነው? ልማድ ኀዘንን ሐሰት አያደርገውም፤ መውጫ በር ይሰጠዋል እንጂ።

ሁለተኛው ማስረጃ ከጽሑፍ የሚመጣ ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው ብሬምነር ሪንድ የተባለው ፓፒረስ፣ ኢሲስና ኔፍቲስ የተባሉት አማልክት ለወንድማቸው ለኦሲሪስ የሚያሰሙትን ሙሾ ይዟል። በመግቢያው ላይ ሁለት ንጹሓን ሴቶች እንዲመረጡ፣ ሰው ሠራሽ ጸጉር እንዲደፉ፣ ከበሮ እንዲይዙ፣ የሁለቱ አማልክት ስምም በክንዳቸው እንዲጻፍ ያዛል። እነዚህ በርግጥ ተሹመው የሚያለቅሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ፓፒረሱ የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ከራሞሴ አንድ ሺህ ዓመት ያህል በኋላ ማለት ነው። ሥርዐቱም የቤተ መቅደስ እንጂ የመንደር ቀብር አይደለም። በሬሳ ሣጥኑ ራስጌና ግርጌ የሚቆሙት፣ በወፍ ስም «ጭልፊቶች» የተባሉት ሁለት ሴቶች ከዚህ ጋር ቢዛመዱ አይገርምም፤ የራሞሴ ሴቶች ግን ሁለት ሳይሆኑ ብዙ ናቸው። በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሄሮዶቱስ ደግሞ፣ ጭቃ ተቀብተው ደረታቸውን ከፍተው እየመቱ በከተማው የሚዞሩት የሟቹ ቤት ሴቶችና ዘመዶቻቸው መሆናቸውን ይናገራል። ስለ ደመወዝ አንዲት ቃል አላነሣም።

በብሉይ መንግሥት ዘመን ሥዕሎችም ላይ ነገሩ እንዲሁ ነው። በጊዛ በኢዱ፣ በሰቃራ በአንኽማሆር መቃብር፣ ሁለቱም በ6ኛው ሥርወ መንግሥት የተሠሩ ናቸው፣ ወንዶችም ሴቶችም ራሳቸውን ስተው ይወድቃሉ፤ ባልንጀሮቻቸውም ይደግፏቸዋል። ኋላ በአዲሱ መንግሥት ዘመን ወንዱ እየተቆጠበ ሄዶ ዋይታው በአብዛኛው ለሴቷ ተተወ። በርሊን የሚገኘው የሰቃራው የኀዘን ቅርጽ ይህን በደንብ ያሳያል፤ ከሣጥኑ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ልጆች በኀዘን ተሰብረዋል፣ ከኋላቸው የሚከተሉት መኳንንት ግን በማዕርግ ይራመዳሉ። ማርሴል ቨርብሩክ እ.ኤ.አ. በ1938 በብሩክሴል ስለ ግብፅ አልቃሾች ባሳተሙት መጽሐፍ እንዲህ ያሉትን ሥዕሎች በትጋት ሰብስበዋል፤ እስከ ዛሬም ያለ እርሱ መሥራት አይቻልም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሹም መቃብሩን የሚያሠራው በሕይወቱ ሳለ ነው። ስለዚህ የራሞሴ አልቃሾች የሚያለቅሱት ገና ላልሞተ ሰው ነው። ሥዕሉ የአንድን ቀብር ትዝታ አልመዘገበም፤ የሚመጣውን ቀብር አዘጋጀ። አልጋውና ጫማው ለወዲያኛው ዓለም እንደሚያስፈልጉት ሁሉ እንባውም ያስፈልገው ነበር። ሰው ሳይለቀስለት እንዳይቀር መፍራቱን ከዚህ በላይ የሚገልጽ ማስረጃ አናውቅም፤ በባዕድ አገር ሬሳ በሌለበት፣ በአንድ ፎቶግራፍ ፊት ለቅሶ የተቀመጥን ሰዎች ይህ ፍርሃት ምን እንደ ሆነ አይጠፋንም። ሴቶቹ ተከፈላቸው ወይስ አልተከፈላቸውም የሚለው ጥያቄ በዚህ ግድግዳ ፊት ቦታ የለውም፤ ጥያቄው የለመናቸው ማን ነው የሚለው ነው።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አንድ ሌላ ሥራ አለ። በአማርና በሚገኘው የንጉሡ መቃብር፣ አኬናተንና ነፈርቲቲ በልጃቸው በመከታተን ፊት ቆመው እጃቸውን ወደ ራሳቸው አንሥተው ያለቅሳሉ። በዚያው መቃብር በሌላ ትዕይንት ላይ ንጉሡ የንግሥቲቱን ክንድ ይዟል። በአጠገቡ ስለሚታየው ሕፃን ማንነት ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኛ እዚያ አንገባም። እዚህ የተቀረጸው የደረሰ ሞት ነው፤ ወላጆቹም ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ ልጃቸው አስቀረጹት። እንቅስቃሴው ከራሞሴ ሴቶች እንቅስቃሴ ብዙ አይለይም። አንዱን «ቅጥር»፣ ሌላውን «እውነተኛ» የሚያሰኘው ምንድን ነው? ዘውዱ ብቻ ይመስለናል።

የቃሉን ጉዳይ ለአማርኛ ተርጓሚዎች መተው አንወድም። ቋንቋችን ባለኀዘንን፣ ለቀስተኛን፣ አልቃሽንና አስለቃሽን ለይቶ ያውቃል። አስለቃሽዋ ሙያተኛ ብትሆንም እንኳ ሙሾዋን የምታወርደው የሟቹን ታሪክ ከቤተ ሰቡ ጠይቃ ነው፤ ዋጋ መቀበሏም የባለኀዘኑን እንባ ሐሰት አያደርገውም። የራሞሴን ሴቶች «ለቀስተኞች» ብንላቸው ሥዕሉ ከሚያሳየው አንድም አንጨምርም፣ አንድም አንቀንስም። መቃብሩ ግን ሳይፈጸም ቀርቷል፤ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ቀራጩ ያልደረሰባቸው የቀለም መስመሮች እስካሁን ይታያሉ። የሴቶቹ እንባ ግን ተሥሎ ያለቀ ነው።