ያለ ትራፊ የሚዘጋ ቁጥር

194,313 ሲያዩት ተራ ቁጥር ይመስላል። የባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ሊቃውንት ዐቢይ ቀመር የሚሉት የ532 ዓመት ዙር በቀን ሲቆጠር የሚመጣው ግን ይኸው ነው፤ ለእኔ ከዚህ ይበልጥ ተገጣጥሞ የተሠራ ቁጥር የለም።

ሦስት ዑደቶች በአንድ ቀን ወደ መነሻቸው መመለስ አለባቸው፦ ሰባቱ ዕለታት፣ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያሉት አራቱ ዘመናት፣ ፀሐይና ጨረቃ የሚገናኙባቸው 19 ዓመታት። 7፣ 4 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ አቋራጭ የለም፤ ሦስቱ ይባዛሉ፣ 532 ይወጣል። ከዚያ ባነሰ ዓመት ሦስቱም አብረው አይገጥሙም።

ጠጋ ብለን እንየው። ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ነውና 19 ዓመት 6,939 ቀን ከሦስት ሩብ ይሆናል። አራት ጊዜ ሲደገም፣ ማለትም በ76 ዓመቱ ዐውደ ማኅተም፣ ሽርፍራፊው ጠፍቶ 27,759 ሙሉ ቀን ይወጣል። ይህ ለ7 ሲካፈል ግን 4 ይተርፋል፤ መስከረም 1 የሚውልበት ዕለት በአራት ቀን ይገፋል። ትራፊው የሚያልቀው ማኅተሙ ሰባት ጊዜ ሲዞር ብቻ ነው፤ ያኔ 194,313 ይሞላል። በሳምንት ሲቆጠርስ? 27,759! የማኅተሙ ቀናት ብዛት የቀመሩ ሳምንታት ብዛት ሆኖ ተመልሶ ይመጣል። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

መጋጠሚያውም መታየት አለበት። የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት የሚቆጠርበት አበቅቴ በየዓመቱ 11 ይጨምራል፤ 30 ሲሞላ ይገደፋል። 19 ጊዜ 11 ደግሞ 209 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 29 ይቀራል፤ ዙሩ እንዳይዘጋ አንዲት ቀን ጎደለች። ሊቃውንቱ ይህችን ቀን በየዓመቱ አልበታተኗትም። ወንበሩ፣ ማለትም በ19 ዓመቱ ዙር ያለፉት ዓመታት ቁጥር፣ 18 ሲሆን አበቅቴው 18 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት 29 መሆን ሲገባው አልቦ ይሆናል። እንደ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ስፌቱን አንድ ቦታ ላይ ብቻ አሳርፈውታል። የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚሰላበት መጥቅዕ ወንበሩ በ19 እየተባዛ ስለሚወጣ፣ 11 እና 19 ደግሞ 30 ስለሚሞሉ፣ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ናቸው። አንዱን የተሳሳተ ተማሪ በሌላው ይታረማል።

እውነተኛው የፀሐይ ዓመት ከ365 ቀን ከሩቡ በ11 ደቂቃ ገደማ ያንሳል፤ በ532 ዓመት አራት ቀን ያህል ይሆናል። ይህ ግን የዓመቱ ልክ ጉድለት ነው እንጂ የግጥሚያው አይደለም።

ግጥሚያውን በፋሲካ እንየው፦ የ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ፤ ዘመኑ ማቴዎስ ነበር። 532 ዓመት ወደ ኋላ፣ ዐፄ እስክንድር በዙፋን ላይ በነበሩበት በ1485 ዓ.ም. ቢሰላም ሚያዝያ 12 ነው፤ ዘመኑም ማቴዎስ። አሁን ያለንበት 15ኛው ዐቢይ ቀመር በ1949 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ የሚዘጋውም በ2480 ዓ.ም. ነው።