የርችት ሥራ በምን ይመዘናል

ርችት ሲተኰስ አይቶ የማያጨበጭብ ሕዝብ የለም፤ ይሁን እንጂ ጭብጨባው እንደ ፍርድ ሊቈጠር አይገባውም፤ በጨለማ የተቀመጠ ሰው ድንገት ሰማዩ ሲበራለት ልቡ የሚፈነድቀው በባሕርዩ ነውና፣ የሠሪውን ጥበብ መርምሮ ምስክርነት ሰጥቷል ማለት አይቻልም። ስለዚህም በብዙ አገር የርችት ኩባንያ የሚለካው በተኰሰው ብዛትና ባሰማው ጩኸት ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ሹም ወይም ባለ ሆቴል ስንት ርችት እንደሚተኰስለት ይጠይቃል፤ ኩባንያውም ቍጥሩን ጽፎ ይሰጠዋል፤ ውሉም በዚሁ ይፈረማል። በአዲስ ዓመት ዋዜማ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ የሚታየውን ርችት የሚወዱ ወገኖቻችንም ቢሆኑ በማግሥቱ ሲጨዋወቱ የሚያነሡት መብዛቱንና ማነሱን ነው፤ አሠራሩ መልካም ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ርችትን ሊቃውንቱ ቅኔ በሚሰሙበት ጆሮ፣ ማለት ሙያውን ከጕድለቱ እየለየ፣ ሲሞላ «ይበል» ብሎ ሲጐድል ዝም ብሎ የሚመለከት ሕዝብ ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ጃፓን መሄድ አለበት።

በዚያች አገር ሰሜናዊ ክፍል፣ በአኪታ ግዛት፣ ዛሬ ዳይሰን በምትባለው ከተማ ውስጥ የተጠቃለለች ኦማጋሪ የምትባል ስፍራ አለች። በየዓመቱ በኦገስት ወር የመጨረሻ ቅዳሜ፣ በኦሞኖ ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ፣ ከመላው ጃፓን የተመረጡ የርችት ቤቶች ይወዳደሩባታል። ጉባኤው በ1910 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መጻፌን አንባቢ ይወቅልኝ) የሰሜን ምሥራቅ ስድስት ግዛቶች ውድድር ሆኖ ተጀመረ፤ ከ1915 ወዲህ ግን ለአገሪቱ ሁሉ ተከፈተ፤ ከሽልማቶቹም የሚበልጠው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም የሚሰጠው ነው። ከሥርዐቱ ሁሉ ለእኔ የሚልቅብኝ ርችቱን የቀመመው ጠቢብ ራሱ ይዞት መጥቶ ራሱ እንዲተኵሰው የሚያዝዘው ነው፤ ምክንያቱም ኩባንያ ከገበያ ገዝቶ የተኰሰው ርችት ሲበላሽ ጥፋቱ የሻጩ ነው፣ የለም የተኳሹ ነው እየተባለ ክርክር ይነሣል፤ በኦማጋሪ ግን የሚወቀሰውም የሚመሰገነውም አንድ ቤት ነው። ቤቶቹም አብዛኞቹ ጥበቡን ከአባት ወደ ልጅ እያወረሱ የቈዩ የቤተ ዘመድ ኩባንያዎች ናቸው።

የቤትን ስም ጠርቶ ርችትን የማመስገን ልማድ ጥንታዊ ነው። ቶኪዮ ኤዶ በምትባልበት ዘመን ካጊያና ታማያ የተባሉ ሁለት የርችት ቤቶች በሱሚዳ ወንዝ ላይ ይፎካከሩ ነበር። ቀዳሚው ካጊያ ነው፤ ትውፊቱም የወንዙን ርችት መጀመሪያ ከ1733 ጋራ ያያይዘዋል፤ ታማያ በ1810 ከዚያው ቤት ተከፍሎ ወጣ። በ1843 ግን ከታማያ ቤት የተነሣ እሳት ሰፈሩን ስላቃጠለ ባለቤቱ ከከተማው እንዲባረር ተፈረደበት፤ ቤቱም በዚያው ጠፋ። የሚደንቀው ነገር፣ ዛሬም በወንዝ ዳር የተሰበሰበ ሕዝብ ርችቱ ሲያምርለት «ታማያ!» «ካጊያ!» እያለ መጮኹን አልተወም፤ እንዲያውም ከሁለቱ አብልጦ የሚጠራው የጠፋውን ቤት ስም ነው።

በሰማይ የሚታየውን ለመመዘን አስቀድሞ በሠሪው ቤት የሚሆነውን ማወቅ ይገባል። የጃፓን ርችት ቅርጹ ድቡልቡል ነው፤ በውስጡም «ኮከብ» የሚባሉ የባሩድና የቀለም እንክብሎች ይደረደራሉ። አንዱ ኮከብ የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ከአንዲት የጐመን ዘር ነው። ሠራተኛው ፍሬዎቹን በሚሽከረከር ጐድጓዳ ገበታ ውስጥ እያንከባለለ እርጥበት ያለብሳቸዋል፤ ዱቄቱን ይነሰንስባቸዋል፤ ከዚያም በትሪ ላይ አስጥቶ ለፀሐይ ይሰጣቸዋል፤ ማታ ሲሰበስባቸው የወፈሩት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በነጋታው እንደገና ይጀምራል። ቸኵሎ በአንድ ጊዜ ብዙ ዱቄት ያለበሳቸው እንደ ሆነ ላያቸው ደርቆ ውስጣቸው እርጥብ ይቀራል፤ እርጥቡም በሰማይ ላይ ያጋልጠዋል። ከቀይ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ነጭ የሚለወጥ ኮከብ ለማውጣት ነጩ አስቀድሞ ይለብሳል፤ አረንጓዴው ይከተላል፤ ቀዩ በመጨረሻ ይመጣል፤ እሳቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባልና። እንግዲህ ተመልካቹ በመጨረሻ የሚያየው ብርሃን ጠቢቡ አስቀድሞ የሠራው መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ምዘና በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ኮከቦቹ ከደረሱ በኋላ በሁለት ጐድጓዳ የወረቀት ግማሾች ግድግዳ ላይ ጐን ለጐን ይሰካሉ፤ መካከሉም ባሩድ በለበሰ የሩዝ ገለፈት ይሞላል፤ ርችቱን በሰማይ የሚበትነው ኀይል ይህ ነው። ሁለቱ ግማሾች ከተገጠሙ በኋላ በእንጨት በቀስታ እየተመቱ ይስተካከላሉ፤ ላያቸውም ሙጫ በተቀባ ጠንካራ ወረቀት ይለጠፋል፤ ይደርቃል፤ ደግሞ ይለጠፋል። ልጠፋው ተራ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ወገን የሳሳ እንደ ሆነ የፍንዳታው ኀይል በዚያ በኩል ያመልጥና ክብ ይሆናል የተባለው አበባ ዕንቍላል ሆኖ ይታያል።

የውድድሩ ማዕከል ዐሥር ቍጥር የሚባለው ርችት ነው፤ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ከ8 ኪሎ የማያንስ ሆኖ፣ 300 ሜትር ያህል ወጥቶ ከዳር እስከ ዳር 300 ሜትር ያህል የሚሰፋ አበባ ይከፍታል። ዐዋቂ ተመልካች ከመተኰሻው ቧንቧ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ በዐይኑ ይከተለዋል። መጀመሪያ የሚጠይቀውም ርችቱ የተከፈተው መውጣቱን ጨርሶ መውረድ ሳይጀምር፣ በዚያች በቆመባት ቅጽበት ነውን የሚለውን ነው። ገና እየወጣ ሳለ የተከፈተ እንደ ሆነ ኮከቦቹ ወደ ላይ ይሳባሉ፤ መውረድ ከጀመረ በኋላ የተከፈተ እንደ ሆነ ደግሞ አበባው ትከሻውን ጥሎ ይታያል። ይህን የሚወስነው በውስጡ የሚነደው ፈትል ርዝመት ነው፤ ፈትሉም በሠሪው ቤት ተለክቶ ተቈርጦ አልቋልና በሜዳው ላይ የሚታረም ነገር የለም። ቀጥሎ የክቡን ሙላት፣ የኮከቦቹንም አካሄድ ይመረምራል፤ ሳይነድ የቀረ ኮከብ በዙሪያው ላይ ክፍተት ይተዋል፤ ክፉ ሆኖ የተንከባለለ ኮከብም ከመስመሩ ወጥቶ ሲዋኝ ይታያል። በትልቁ ክብ ውስጥ ሌላ ክብ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ክብ የሚያወጡ ርችቶች የጃፓን ጠቢባን ትልቁ መኵሪያ ናቸው፤ አኦኪ ጊሳኩ የተባለው የናጋኖ ሊቅ በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በዚህ ሥራ ስሙ ተጠርቷል፤ ዛሬ አራትና አምስት የውስጥ ክብ የሚሞክሩ ቤቶች አሉ። እኔ ግን ማዕከላቸው አንድ ሆኖ በጥራት የተለዩ ሦስት ክቦች፣ ጠርዛቸው ከተደባለቀ አምስት ክቦች ይበልጡብኛል፤ ቍጥሩን ለማሳየት ሲባል ጥራቱ የሚሠዋበት ጊዜ እየበዛ መጥቷል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምመክረው አበባው ሲጠፋ ዐይንን እንዳይነቅሉ ነው። ተራው ተመልካች ርችቱ እንደ ተከፈተ ጮኾ አጠገቡ ወዳለው ይዞራል፤ ዐዋቂው ትንፋሹን የሚይዘው ያን ጊዜ ነው። ኮከቦቹ ሁሉ በአንዲት ቅጽበት፣ አንዱ ከሌላው ሳይዘገይ፣ ሰማዩን ጥርግ አድርገው ለጨለማው የመለሱት እንደ ሆነ ሠሪው ፍጹም ነው። ሁለት ሦስት ኮከቦች ከጓደኞቻቸው ተለይተው የተንጠባጠቡ እንደ ሆነ ግን፣ አንድ ቀን በገበታው ላይ ከእኅቶቿ የፀጕር ያህል ወፍራ የወጣች ፍሬ መኖሯን፣ እርሷንም በወንፊት ለይቶ የሚያወጣ ሰው መታከቱን ያመለክታሉ። ታላቅ አበባ ባሩድ በመጨመር ሊገኝ ይችላል፤ ጥሩ አጠፋፍ ግን ብዙ ቀን ሙሉ ሳይሰለቹ አንድ ዓይነት ሥራ ከመሥራት በቀር መንገድ የለውም። ስለዚህም አንድን ቤት በአንድ ርችት ብቻ እንድፈርድበት ብገደድ የምጠብቀው ይህን ነው። በርግጥ ወርቃማ ሐረጋቸውን ወደ ምድር እያወረዱ ቀስ ብለው እንዲከስሙ ታስበው የሚሠሩ ርችቶች አሉ፤ እነርሱን በዚህ ሕግ መፍረድ ግፍ ነው።

ስለ ቀለም የሚባለው ብዙ ነው፤ እኔ የማየው ሰማያዊውን ነው። የጥንቱ የጃፓን ርችት ከፖታሲየም ናይትሬት፣ ከድኝና ከከሰል ይቀመም ስለ ነበር የሚሰጠው ብርሃን የከሰል ፍም የመሰለ ወርቃማ ቀይ ብቻ ነበር፤ በንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ዘመን ፖታሲየም ክሎሬትና የማዕድናት ጨው ከውጭ አገር ሲገቡ ግን ኅብረ ቀለማት ተገኘ። ስትሮንሺየም ቀዩን፣ ባሪየም አረንጓዴውን፣ ሶዲየም ቢጫውን ሳያስቸግሩ ይሰጣሉ። ሰማያዊው የሚገኘው መዳብና ክሎሪን በነበልባሉ ውስጥ ሲዋሐዱ ነው፤ ይህ ውሕደት ደግሞ ሙቀት አይችልም፤ እሳቱ ከልኩ ካለፈ ይፈርስና ቀለሙ ይነጣል፤ እሳቱ ከቀዘቀዘም ይደበዝዛል። ጥልቅ ሰማያዊ ያወጣ ቤት የእሳቱን ልክ ያወቀ ቤት ነውና ሌላውን ቀለም ሳይመረምሩ ቢያምኑት አያሳፍርም። ያን የጥንቱን የከሰል ወርቅ ዛሬም የሚሠሩ ቤቶች አሉ፤ ዐይኑ በብዙ ቀለም የደከመ ሰው ሲያየው ዕረፍት ያገኛል።

በዘመናችን ርችትን ከሙዚቃ ጋራ ማስማማት በዝቷል። እዚህ ላይ የኩባንያው ሊቅነት የሚታወቀው በሒሳቡ ነው፤ ርችት ከተለኰሰ በኋላ እንደ መጠኑ ሰከንዶች ቈይቶ የሚከፈት በመሆኑ እያንዳንዱ መጠን ከምቱ አስቀድሞ በየራሱ ልክ መተኰስ አለበት፤ ደግሞም ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ የሚሄድ ስለ ሆነ ከ700 ሜትር ርቀት የተቀመጠ ሕዝብ ብርሃኑን ካየ ከ2 ሰከንድ በኋላ ነው ፍንዳታውን የሚሰማው። ብልኅ ኩባንያ ብርሃኑን ከምቱ ጋራ አጋጥሞ፣ ዘግይቶ የሚመጣው ነጐድጓድ ለስለስ ባለው ዜማ ላይ እንዳይወድቅ ይጠነቀቃል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ጨለማን የሚፈሩ ኩባንያዎች መብዛታቸው ነው፤ በአንድ ታላቅ ከተማ በዓል ላይ ያየሁት ትርኢት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ባዶ ሰከንድ ስላልነበረው፣ የመጀመሪያዎቹ ርችቶች ጢስ ሳይነሣ የኋለኞቹ በውስጡ ተቀብረው ጠፉ፤ ሕዝቡ ግን አጨበጨበ። ጥሩ ቤት አንዱን አበባ ከሌላው በጨለማ ይለየዋል፤ ነፋሱም ጢሱን እስኪወስድለት ይታገሣል። በኦማጋሪ ፀሐይ ሳትጠልቅ በቀለማም ጢስ የሚካሄድ የቀን ውድድርም አለ፤ ለእኔ ብዙ አይማርከኝም፤ የሚወዱት ሰዎች ግን አጥብቀው ይወዱታል።

ትልቅነትን ለብቻው እንደ ሙያ የሚቈጥር ሰው ናጋኦካ የተባለችውን የጃፓን ከተማ ይጠቅሳል። በዚያች ከተማ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 300 ኪሎ ያህል የሆነ ርችት ወደ 600 ሜትር ከፍታ ወጥቶ ይከፈታል። ነገር ግን ናጋኦካን ታላቅ ያደረገው ይህ አይመስለኝም። ከተማዋ በኦገስት 1 ቀን 1945 ሌሊት በአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ተቃጥላ 1,488 ሰዎች አልቀውባታል፤ ርችቱም በኦገስት 2 እና 3 የሚተኰሰው ይህን በመዘከር ነው፤ በዋዜማውም፣ ድብደባው በጀመረበት ሰዓት፣ ነጫጭ አበቦች ብቻ ለሙታኑ መታሰቢያ ይተኰሳሉ። ኅብረ ቀለማትን የሚችል ቤት ነጩን ብቻ አውጥቶ ሌላውን በመጋዘን ማስቀረቱ የሥራውን ምክንያት ማወቁን ያሳያል፤ የሠርግ ርችት የሚተኵሱ ኩባንያዎች ሁሉ ይህን ልክ ቢማሩ መልካም ነበር።

የቀረው በምድር ላይ የሚታየው ነው። ርችት ሊያስተኵስ ከኩባንያ ጋራ የሚዋዋል ሰው፣ በየትም አገር ቢሆን፣ ሜዳውን በቀን ሄዶ ይይ። መተኰሻዎቹ ቧንቧዎች በእጅ ሲገፏቸው የሚነቃነቁ እንደ ሆነ፣ አንዱ ቢፈነዳ ጐረቤቱ ወደ ሕዝቡ ዘንበል ሊል ይችላልና ውሉን ቢያፈርስ ይሻለዋል። ርችቱ ሲተልቅ የሕዝቡ መቀመጫ ርቀት አብሮ ማደጉን፣ ነፋሱን የሚለካና ነፋሱ ሲበረታ ትርኢቱን ለማቆም ሥልጣን ያለው ሰው መኖሩን ይጠይቅ። ነፋሱ ወዴት ቢዞር ፍንጣሪው የት እንደሚወድቅ ሳያመነታ በጣቱ የሚያሳይ የኩባንያ ሹም በወረቀት ላይ ካማረ ዕቅድ ይበልጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ወጥቶ ሳይከፈት የወደቀው ርችት ነው። በምርጥ ቤት እንኳ አልፎ አልፎ ይደርሳል፤ በጨለማ ሣር ውስጥ ተጋድሞ ያደረ እንደ ሆነ በማግሥቱ ኳስ መስሎት የሚያነሣው ሕፃን ነው። ሥራውን የሚያከብር ኩባንያ እያንዳንዱ ርችት መከፈቱን በዐይኑ እየተከተለ የሚመዘግብ ሰው ያቆማል፤ ትርኢቱ ሲያልቅ ወደ ሜዳው ሮጦ አይገባም፤ የተወሰነውን ጊዜ ጠብቆ ይፈትሻል፤ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ሠራተኞቹን በአንድ መስመር አሰልፎ ሣሩን እንደገና ያስሳል። ስለዚህ ተዋዋዩ ከርችቶቹ ቍጥር አስቀድሞ በማግሥቱ ሜዳውን የሚያስሰው ማን እንደ ሆነ፣ ስንት ሰውም ይዞ እንደሚወጣ ይጠይቅ፤ መልሱም በውሉ ላይ ይጻፍ። በዋጋው መከራከር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።